ማንም ያላያት ኳስ፣ ሁሉም ያየው አጥር

ሰው ማንም ሳያየው ታማኝ ሆኖ ከተገኘ ጻድቅ ነው ማለት ይቻላል? ይህን ጥያቄ በወጣቶች ጥናት ላይ ባነሳው አብዛኞቻችሁ «አዎ» የምትሉ ይመስለኛል። የሰው ማንነት የሚታወቀው ብቻውን ሲሆን ነው፣ በሩ ሲዘጋና መብራቱ ሲጠፋ ነው እየተባልን አድገናል። እውነትም ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማሳየት ምሳሌ የምወስደው ብዙዎቻችሁ ከማትከታተሉት ጨዋታ፣ ከጎልፍ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገር። ተጫዋቹ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዘንግ እየመታ በሰፊ ሜዳ ላይ ወዳሉ 18 ጉድጓዶች በተራ ያስገባል። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች አራት ቀን ይፈጃሉ። ሜዳው ከመስፋቱ የተነሣ እንደ እግር ኳስ ዳኛው ከተጫዋቹ ጎን ጎን አይሮጥም። ዳኞች አሉ፤ ነገር ግን ሕግ የጣሰ ተጫዋች መጀመሪያ ራሱ ተናግሮ ቅጣቱን በራሱ ላይ እንዲቆጥር ይጠበቃል።

በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ግዛት በዎርሴስተር ከተማ የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ይደረግ ነበር። ቦቢ ጆንስ የተባለ የ23 ዓመት የአትላንታ ወጣት በረጅም ሣር ውስጥ የወደቀች ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰች። ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም። ዳኞቹ ጠያይቀው ምስክር ቢያጡ ውሳኔውን ለራሱ ተዉለት። እሱም አንድ ምት በራሱ ላይ ጨመረ። በውድድሩ መጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆኑ፤ በመለያው ጨዋታ ጆንስ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያችን ምት በራሱ ላይ ባይቆጥር ኖሮ መለያ ጨዋታም ባላስፈለገ፣ ዋንጫውም የእሱ በሆነ ነበር። ሰዎች ስለ ታማኝነቱ ሲያሞግሱት እንዳልወደደው ይነገራል። ለእሱ ሰው ስላልሰረቀ እንደ ማመስገን ነበር።

ይኸው ጆንስ ከክሊፎርድ ሮበርትስ ጋር በጆርጂያ ግዛት ኦገስታ ናሽናል የሚባለውን ክለብ አቋቋመ። በ1934 የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ፤ ዛሬ ማስተርስ የምንለው፣ አሸናፊው አረንጓዴ ኮት የሚለብስበት ውድድር ማለት ነው። በየዓመቱ በኤፕሪል መጀመሪያ ይካሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአትላንታ ዙሪያ ካለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን አራት ሆነን ይህን ቦታ ለማየት ሄደን ነበር። ትኬቱ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ከመካከላችን ለአንዱ የልምምድ ቀን ዕጣ ወጣለት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተን በአውራ ጎዳና ቁጥር 20 ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳን። ከእኛ ውስጥ ታላቁ በጆርጂያ ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው። ታናሹ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ቦታው በቴሌቪዥን ከሚታየው ይለያል። ካሜራው ኮረብታውን ያስተኛዋል፤ በእግር ስትሄዱበት ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። መሮጥም ክልክል ነው። የእንቁላል ሳንድዊች በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይሸጣል። በልምምድ ቀን ውጤት ስለማይያዝ ተጫዋቾቹ ዘና ይላሉ፤ 16ኛው ጉድጓድ ዘንድ ሕዝቡ ሲጮኽላቸው ኳሷን በኩሬው ውኃ ላይ እያነጠሩ ለማሻገር ይሞክራሉ። ኳሷ ተሻግራ ሣሩ ላይ ስትወጣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር እጅ ተማትተን ሳቅን። ስልክ በሌለበት ቀን ከጓደኛ ጋር መዋል ራሱን የቻለ ስጦታ ነው።

ከሁሉ ያስገረመን ግን ወንበሩ ነው። ሰዎች በማለዳ መጥተው ታጣፊ ወንበራቸውን ከሜዳው ዳር ያኖሩና ስማቸውን ጽፈው ይሄዳሉ። ከሰዓታት በኋላ ሲመለሱ ወንበሩ እዚያው ነው። ባለቤቱ በሌለበት ደክሞህ ብትቀመጥበት ነውር የለውም፤ ሲመጣ ትነሣለታለህ። ጠባቂ የለውም፤ ሁሉም በመተማመን ነው።

ተማሪው በዚህ ልቡ ተነካ። የቦቢ ጆንስንም ታሪክ ያነበበ ስለሆነ፣ «ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆን እኮ ፖሊስ ባላስፈለገ ነበር» አለ።

ጋሼ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ታማኝነት እስከ 1975 ድረስ የት ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ተማሪው ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሕግ አልጣሱም» አለው።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ የተናገረው እውነት ነው። ነገሩም የሚከብደው እውነት በመሆኑ ነው።

ጋሼ የጠቀሰው ዓመት ሊ ኤልደር በማስተርስ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው የሆነበት ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ውድድር እስከዚያ ቀን 41 ዓመት አልፏል። ከእሱ በፊት ጥሩ ጥቁር ተጫዋች ስላልነበረ አይደለም። ቻርሊ ሲፎርድ በ1967 በሃርትፎርድ፣ በ1969 በሎስ አንጀለስ ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፎ ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን ወደ ኦገስታ አልተጋበዘም። ሕግ ተጥሶበት ነው? አይደለም። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ እንዲህ ያለ ውድድር ማሸነፍ ብቻውን ግብዣ አያስገኝም ነበር። ደንቡ ተለውጦ ያሸነፈ ሁሉ ይጋበዝ የተባለው በ1972 ነው። ኤልደርም በ1974 በፍሎሪዳ አሸነፈና በሚቀጥለው ዓመት በዚያ በር ገባ። ዛቻ ስለደረሰበት በዚያ ሳምንት ሁለት ቤት ተከራይቶ እየቀያየረ አደረ።

እስከዚያ ድረስ ጥቁር ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም እንዳትሉ። ነበረ። የተጫዋቾቹን ከረጢት የሚሸከሙት፣ ነፋሱን የሚያነቡት፣ «ኳሷ እዚህ ጋ ወደ ግራ ታጋድላለች» ብለው የሚመክሩት የክለቡ ካዲዎች ጥቁሮች ነበሩ። እስከ 1982 ድረስ በውድድሩ ላይ የሚጫወት ሁሉ ከእነሱ አንዱን ይዞ እንዲጫወት ግዴታ ነበር። ከማንም በላይ ሜዳውን የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ በሁሉም ዓይን ፊት ነበሩ። ክለቡ ጥቁር አባል የተቀበለው ግን በ1990 ነው፤ ሴት አባል ደግሞ በ2012።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኳስ በትንሹ መንቀሳቀሷ እንደ ከባድ ነገር በሚቆጠርበት ጨዋታ፣ በዚያው ሜዳ የቆመው አጥር ለብዙ ዘመን እንደ ጥፋት አልተቆጠረም። ኳሷን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተናገረ። አጥሩን ሁሉም ያየው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆመ። እንዲህ የሆነው ሰዎቹ ሁሉ ውሸታሞች ስለሆኑ አይመስለኝም። ሕግ ዓይናችንን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ ነው። ደንቡ «ምን አደረግህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ማን ቀረ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ደንቡን በጥንቃቄ የሚጠብቅ ሰው ሕሊናው ንጹሕ ሆኖ፣ እንቅልፉም ሰላም ሆኖ፣ በዓይኑ ሥር ያለውን በደል ሳይቆጥረው ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል።

«ታዲያ ያ የትንሿ ነገር ታማኝነት ከንቱ ነው ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጆንስ በዚያች ምት ላይ ያደረገው መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጣ ታሪክ አይሰረዝም። ጌታም በማቴዎስ 23 ላይ ቅመማ ቅመም ሳይቀር እየቆጠሩ አሥራት የሚያወጡትን ሰዎች ሲወቅስ አሥራቱን ተዉት አላላቸውም። የወቀሳቸው ፍርድንና ምሕረትን ስለተዉ ነው፤ ያኛውን ሳይጥሉ ይህን ሊያደርጉ ይገባቸው ነበር። ስለ ኳሷ የሚዋሽ ሰው ስለ አጥሩ እውነት ይናገራል ብዬ ተስፋ አላደርግም። ነገር ግን ስለ ኳሷ እውነት መናገሩ ስለ አጥሩ ከመጠየቅ አያድነውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ወጣቶች ራሳችንን እንድንመረምር ስንማር የምንመረምረው የተሰወረውን ነው፦ ስልካችን ላይ ያየነውን፣ በፈተና የኮረጅነውን፣ በልባችን የተመኘነውን። ይህ ምርመራ አይቅር። ግን ያልተሰወረውስ? በአደባባይ የቆመውና ማንም ኃጢአት ብሎ የማይጠራው?

በብዙ የጸሎት ቤቶቻችን መግቢያ ላይ ደረጃ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ እህት ሰው ካልተሸከማት አትገባም። ደረጃውን ሁላችንም በየሳምንቱ እንረግጠዋለን። ማንም ሕግ አልጣሰም። እሷም መምጣት ትተዋለች፤ እኛም ከጊዜ በኋላ መቅረቷን እንለምደዋለን።

እሑድ ጠዋት ቤተሰብ በሙሉ ለአምልኮ ሲወጣ ምሳ ለመሥራት ቤት የምትቀር ልጅ አለች። ብዙ ጊዜ በእናንተ ዕድሜ ያለች ናት። ደመወዟ አልተነካም፤ ማንም አልሰደባት ይሆናል። ስለ ጠፋችው በግ ስንዘምር ግን እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነው።

አባቶቻችን ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩን ከማዕድና ከጋብቻ ለይተው ኖረዋል። በሠራችው ድስት ወጥ ይበላ ነበር፤ ከእሷ ጋር ግን አይበላም ነበር። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ ይታረስ ነበር፤ ልጁ ግን አይዳርም ነበር። ከኦገስታ ካዲዎች ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እዩት። ይህ አልፏል የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ወንድም ለጋብቻ የመረጣትን እህት ለቤተሰቡ ሲያስተዋውቅ መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጥያቄ አስታውሱ። ስለ እምነቷ ነው ወይስ «የማን ልጅ ናት?» ነው?

በውጭ አገር ያለን ደግሞ፣ በአማርኛ ብቻ በምንመራው ጸሎት መካከል ምንም ሳይገባው አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠውን ታናሽ ወንድም በየሳምንቱ እናየዋለን።

ለዚህ ምን ይደረግ? ታሪኩ ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። በ1972 የተለወጠው የአንድ ደንብ አንቀጽ ነበር፤ ያሸነፈ ይግባ የሚል። ያ ትንሽ ለውጥ ኤልደርን አስገባ። በ1997 ጥቁር አሜሪካዊ አባትና የታይላንድ ተወላጅ እናት ያለው ታይገር ዉድስ በ21 ዓመቱ በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ኤልደር በቦታው ተገኝቶ አይቶታል። በ2021 ክለቡ ኤልደርን ከውድድሩ የክብር አስጀማሪዎች አንዱ አድርጎ ጋበዘው። ኳስ ለመምታት ጤናው አልፈቀደለትም፤ ተመልካቹ ግን ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። ክብሩ እጅግ ዘግይቶ መጣ። ቢሆንም አጥር የሚፈርሰው በስሜት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ አንድ ሰው «ማን ቀረ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በደንብ ላይ ሲጽፈው ይፈርሳል።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ለደረጃው የአናጢ ሳንቃና የአንድ ቀን ጉልበት ይበቃው ይሆናል። ምሳው ቅዳሜ ማታ በጋራ ቢሠራ ያቺ ልጅ እሑድ ነፃ ናት። ጸሎቱ በሁለት ቋንቋ ቢመራ ጥቂት ደቂቃ ቢረዝም ነው። የጋብቻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ እሱ ለአባትና ለእናት በአክብሮት ግን በግልጽ መናገርን ይጠይቃል። ማን መጀመር አለበት ካላችሁ፣ ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ በጥሞናችሁ ጊዜ «ማንም ሳያየኝ ምን አደረግሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጸሎታችሁ ሳትነሡ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ጨምሩ፦ ሁላችንም እያየነው ማን ከደጅ ቀረ? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ንስሐ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ሰው ስም ይሰጣችኋል፤ ያንን ስም ይዛችሁ ወደ ሰውዬው ቤት ሂዱ።