ያልሠራነውን ስናፈርስ

የአጥቢያችን አሮጌ አዳራሽ በባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ዝናብ ሲጥል ሰባኪው አይሰማም፤ ፀሐይ ሲበረታ ከኋላ የተቀመጡት ያንቀላፋሉ። ባለፈው ዓመት የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪዎች ለአዲስ አዳራሽ የሚያምር ንድፍ ይዘው መጡ። ፊቱ መስታወት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መድረኩ ሰፊ ነው። ሥዕሉን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲያሳዩን ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨበጨብኩ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን አላጨበጨቡም። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ “ልጆቼ፣ ይህን ጭቃ ያቦካሁት በእግሬ ነው” አሉ። ሌላ ነገር ሊጨምሩ ሲሉ ቀደምኳቸው። “እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሰው ነው እንጂ ጭቃ አይደለም” አልኳቸው። ወጣቶቹ “አሜን!” አሉ። እማማ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

የተናገርኩት ነገር በትምህርት ረገድ ስሕተት የለበትም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነች፣ እኔ ዝም ያሰኘሁት ማንን ነው?

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። እኛ ያልሠራነውን፣ ላባችንን ያላፈሰስንበትን ነገር የማፍረስ መብት ከየት እናገኛለን? ከሠሩት ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ነገ የሚገለገሉበት ገና አልተወለዱም፤ መዶሻው ያለው በእኛ እጅ ብቻ ነው። ጥያቄው ስለ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ኃይል ያለው ሰው ድምፅ ለሌለው ሰው ምን ዕዳ እንዳለበትም ይጠይቃል።

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ “አባቶች የሠሩት ነውና አይነካ” ይላል። ሌላው “ጊዜው አልፎበታልና ይነሣ” ይላል። ሁለቱም የሚያዩት የቤቱን ዕድሜ ብቻ ነው። ዕድሜ ግን ቤትን አይቀድስም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ላይ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ አደጋ ነው። አዲስነትም የበረከት ማረጋገጫ አይደለም፤ ለጎረቤት አጥቢያ እንድንታይ ብቻ የተሠራ ቤት ዕዳውን ለልጆቻችን ትቶ ያልፋል።

ነህምያ ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰ ወዲያው ሥራ አልጀመረም። ሦስት ቀን ቆይቶ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጣና የፈረሰውን ቅጥር፣ በእሳት የተበሉትን በሮች ዞሮ ተመለከተ (ነህምያ 2)። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ካየ በኋላ ነው። ጥሩ አርክቴክትም እንዲሁ ነው። እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት አሮጌውን ቤት ይለካል፤ ስንጥቁ የልስን ነው ወይስ የመሠረት፣ ውኃው በየት ይገባል፣ ጣሪያውን የተሸከመው የትኛው ግድግዳ ነው ብሎ ይመረምራል። የተሰነጠቀውን ልስን አይቶ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ያባክናል። የተናጋውን መሠረት ትቶ ቀለም የሚቀባ ሰው ደግሞ ያታልላል።

በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ ብዙዎቻችሁ ከውጭ አይታችሁት ይሆናል። ንድፉን የሠራው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚህ ቤት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግሏንና ተስፋዋን እያሳየ እዚያው ቆሟል። ሕንፃው ሲያረጅ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ሊመስል ይችል ነበር፤ እንዳለ መተው ወይም በሌላ መተካት። የተመረጠው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም አካሉ ተጠናከረ፣ የስብሰባ መሣሪያዎቹ ታደሱ፣ የመስታወት ሥዕሉ ተጠገነ፤ የመጀመሪያው መልኩም ተጠበቀለት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፈተ። ያደሱት ባለሙያዎች በሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ገብተው መሥራት ነበረባቸው። ይህ ትሕትና ይጠይቃል፤ ሥራህ በደንብ ከተሳካ የገባ ሰው የሚያደንቀው የመጀመሪያውን ሠሪ ነውና።

አንዳንዴ ግን አሮጌው ሊታደስ ከሚችልበት ደረጃ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዟን ኮቨንትሪ ከተማ ደበደቡ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው ካቴድራል ጣሪያው ተቃጥሎ የውጭ ግድግዳዎቹና ረጅሙ ግንብ ብቻ ቀሩ። ከጦርነቱ በኋላ ለአዲሱ ካቴድራል የንድፍ ውድድር ተደረገ፤ አሸናፊው ባዚል ስፔንስ ፍርስራሹን አልጠረገውም፤ የድሮውን አስመስሎም አልሠራም። የተቃጠሉትን ግድግዳዎች ጣሪያ ሳያለብስ እንዳሉ ትቶ፣ አዲሱን ቤት በዚያው ዓይነት ቀይ ድንጋይ ከጎናቸው አቆመ። በዘመኑ ብዙ ሰው ንድፉን ተቃወመ። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ተቀደሰ። ዛሬ በአዲሱ ውስጥ የቆመ ሰው በትልቁ መስታወት በኩል አሻግሮ ፍርስራሹን ያያል። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ከተቃጠሉ የጣሪያ እንጨቶች የተሠራው መስቀል ቅጂ ቆሟል፤ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ አብን ይቅርታ የሚለምን አጭር ጸሎት ተቀርጿል። ጸሎቱ ይቅር የሚባለው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ጠላትንም ራስንም ይይዛል። ፍርስራሹ ቢጠረግ ኖሮ ይህ ትምህርት አብሮ ይጠረግ ነበር።

ምናልባት “መምህር፣ እኛ ይህን የሚያህል ገንዘብ የለንም” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለመጠየቅ ግን ገንዘብ አያስፈልግም። የሁለተኛው ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጣል ብዙዎች በደስታ ሲጮኹ፣ የቀድሞውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ድምፁም ተደባለቀ (ዕዝራ 3)። መጽሐፉ ሁለቱንም ይመዘግባል፤ ሽማግሌዎቹን ዝም በሉ ያላቸው ሰው ግን አይጠቅስም። እኔ ያን ሰው ሆኜ ነበር።

ስለዚህ ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። “ልጄ፣ እኔ አትንኩት ልል አልነበረም። ሳትጠይቁን አትንኩት ልል ነበር” አሉኝ። ከዚያም ከአዳራሹ ጀርባ ስላለችው ትንሽ ክፍል ነገሩኝ። ለሕክምና ከገጠር የሚመጡ ወገኖች ማደሪያ ሲያጡ እዚያ ያድሩ እንደነበር፣ ምግብ የሚያመላልሱላቸውም የአጥቢያዋ እናቶች እንደነበሩ አጫወቱኝ። እኛ ክፍሏን የምናውቃት የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆና ነው። በአዲሱ ንድፍ ውስጥም ለእንግዳ የሚሆን አንድም ክፍል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መሐንዲስ አስመጥተን ቤቱን አስመረመርን። የምሰሶዎቹን ሥር ምስጥ በልቶታል፤ ግድግዳው አይድንም። ቆርቆሮውና ከጣሪያው እንጨት ገሚሱ ግን ሊያገለግል ይችላል። ይፍረስ ብለው በመጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው፤ “ልጆቹ ላይ ከሚወድቅ” ብለው። የወጣቶቹ ንድፍም ተሻሻለ። መድረኩ ጠበበ፤ የእንግዳ ክፍል ገባበት፤ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ተዳፋት መግቢያ ተጨመረበት። ገንዘቡ ገና አልሞላም። ዝናብ ሲጥል አሁንም ሰባኪው አይሰማም።

ውድ ወጣቶች፣ አንድ ቀን የምትረከቡት ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የመዝሙር አገልግሎቱን፣ ኮሚቴውን፣ ልማዱንም ትረከባላችሁ። ከዚያ ውስጥ የሚፈርስ አለ፤ በድፍረት አፍርሱት። የሚታደስም አለ፤ በትዕግሥት አድሱት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን አስቀድማችሁ እንደ ነህምያ ዞራችሁ እዩ፤ ጭቃውን ያቦኩትንም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።