መድኃኒቱ አዳነ ለማለት ምን ይበቃል?

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆታት የኅዳር በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የማቃጠላችን ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጭሱ ጨሰ፤ በሽታውም ሄደ። ታዲያ ያባረረው ጭሱ ነው?

ይህን ጥያቄ ለአያቶቻችን ብቻ ካቀረብን ፍርዳችን ያዳላል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 የኢንፍሉዌንዛ መንስኤ ነው ያለውን ባክቴሪያ ብዙ ሊቃውንት አምነው ተቀብለውት ነበር። መንስኤው ቫይረስ መሆኑን ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ከሰው ናሙና ወስደው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ግን አሜሪካ ውስጥ ከባክቴሪያ የተዘጋጁ ክትባቶች ተሰጡ፤ «ሠርተዋል» የሚሉ ዘገባዎችም ጎረፉ።

ያልሠራ ነገር እንዴት የሠራ መሰለ? ወረርሽኝ ከተማ ሲገባ ቀድሞ የሚጥለው በቀላሉ የሚያዘውን ሰው ነው። ክትባቱ እስኪደርስ ብዙው ታሟል። ያን ጊዜ ለመርፌ የሚሰለፈው እስካሁን ያልታመመው፣ ምናልባትም ሳይከተብም የማይታመመው ነው። እርሱን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከተቆጠረው ሕመምተኛ ጋር ካነጻጸሩት፣ በመርፌው ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ቢሆን እንኳ ያዳነ ይመስላል።

በዚያው ወረርሽኝ ወቅት ግን አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ማኮይና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ አንዱን ከትበው ቀጣዩን እየተዉ ሄዱ። ወረርሽኙ ሲገባ ክትባቱ ማንንም እንዳልጋረደ ታየ። እነዚያ ሕሙማን እምቢ ለማለት የሚችሉ አልነበሩምና ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ፈቃድ አይደረግም፤ መደረግም የለበትም። የማነጻጸሩ መንገድ ግን ትክክል ነበር።

«ሰው እየሞተ ለግማሹ መድኃኒት መንፈግ ጭካኔ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ከባድ ጥያቄ ነው። ጭካኔ የሚሆነው ግን መድኃኒቱ እንደሚያድን ካወቅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሐኪሞች አስፕሪንን ዛሬ መርዝ በሚባል መጠን ያዝዙ ነበር፤ በቅን ልብ። ካልተመረመረ መድኃኒት የተረፈው ሰው ተበደለ ወይስ ተጠቀመ? ሳይመረመር ማንም ሊመልስ አይችልም።

እንዲህ ስል ማስረጃ እስኪመጣ እጅ አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ሳሞአ ገዥ ጆን ፖየር መንስኤውን ሳያውቅ ወደቡን ዘጋ፤ በደሴቶቹ በወረርሽኙ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ጎረቤቷ ምዕራብ ሳሞአ ታሉኔ የተባለችውን መርከብ አስገባችና ከሕዝቧ አንድ አምስተኛ ያህሉን ቀበረች። ማንም ያላቀደው ንጽጽር ነው፤ ዋጋውም እጅግ ዘግናኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን በብዙ አገር በእርግጠኝነት ይታዘዝ ነበር። ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ ጥናት ሕሙማንን በፈቃዳቸው በዕጣ መድቦ ሲያነጻጽር፣ ይህ መድኃኒት ሞትን እንደማይቀንስ አሳየ። ርካሹ ዴክሳሜታሶን ግን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ሐኪሞቻችን፣ አደራ፦ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ያልተረጋገጠ መድኃኒት ማደል ከመጀመራችሁ በፊት፣ የወሰደው ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ወስኑ፤ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ ጀምራችሁም መዝግቡ።