ሐዲዱ የማን ነው?

በአዲስ አበባ መሐል፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ ብዙም የማይራራቁ ሁለት ሠፈሮች በባዕድ ቃል ይጠራሉ። አንዱ ለገሃር ነው፤ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» የሚሉትን የከተማው ሰው ሰምቶ፣ በአፉ አላምጦ፣ የራሱ አድርጎታል። ሁለተኛው ካዛንቺስ ነው። የኢጣልያ ወራሪ መንግሥት በአምስቱ ዓመት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ያሠራ የነበረው ድርጅት «ኢንቺስ» በሚል አሕጽሮት ይታወቅ ስለነበር፣ «ካዛ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የተባሉት ውለው አድረው ካዛንቺስ ሆኑ። ዛሬ እነዚህን ስሞች ሲጠራ ፈረንሳይን ወይም ኢጣልያን የሚያስብ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ለገሃር ላይ የተቀጣጠረ ሰው የተቀጣጠረው ለገሃር ላይ ነው።

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከበስተኋላው አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። የሰው እጅ ሥራ፣ መንገድም ይሁን ቤት፣ ዋጋውን የሚያገኘው ሠሪው ካሰበለት ዓላማ ነው ወይስ በኋላ ከዋለበት አገልግሎት? በስስት የታሰበ ነገር በተጠቃሚው እጅ ሊነጻ ይችላልን? በጽድቅ የታሰበውንስ የሐሳቡ ንጽሕና ከጥፋት ይጠብቀዋልን? ይህን በባዶው ከመከራከር ይልቅ፣ በአንድ ዘመን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ በበረሃ ላይ የተዘረጉ ሁለት የባቡር ሐዲዶችን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። አንደኛው የሒጃዝ ባቡር ነው፤ ሁለተኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ ለገሃር ላይ ያበቃው ነው።

የሒጃዝን ባቡር ያሳሰበው ሐጅ ነው። ከደማስቆ ተነሥቶ መዲና ለመድረስ የሐጃጆች ቅፍለት በግመል አርባ ቀን ያህል ይጓዝ ነበር፤ በውኃ ጥምና በዘራፊ የሚያልቀውም ቀላል አልነበረም። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራው እንዲጀመር ሲያዝዙ፣ ገንዘቡ ከአውሮፓ ባንክ እንዳይበደሩ፣ ከሙስሊሙ ዓለም በምጽዋት እንዲሰበሰብ ወሰኑ። ከሕንድ፣ ከግብፅ፣ ከሌላውም አገር መዋጮ መጣ። ለዒድ የታረዱ በጎች ቆዳ ሳይቀር ለሐዲዱ ተሸጠ። መንገዱም የአማኞች የጋራ ሀብት፣ በእስልምና ሕግ አነጋገር ወቅፍ፣ ተደርጎ ታሰበ፤ ወቅፍ ደግሞ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ዋናው መሐንዲስ ማይስነር የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ወደ ቅዱሱ ምድር ሲቀረብ ግን ሥራው ለሙስሊም መሐንዲሶች ተለቀቀ። 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1908 መዲና ደረሰ፤ የአርባው ቀን መንገድ የጥቂት ቀናት ሆነ።

በዚህ ንጹሕ በሚመስል ታሪክ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ጎርበጥ ይላሉ። ከመዋጮው ከፊሉ ከመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በግድ የተቆረጠ ነበር፤ በግድ የተሰጠ ምጽዋት ምን ያህል ምጽዋት እንደሆነ አንባቢው ይፍረድ። ሁለተኛውም፣ ሐጃጅ የሚጫንበት ፉርጎ ወታደርም ይጭናል። ሱልጣኑ ሩቅ በሆነው የዐረብ ምድር ላይ እጃቸውን ለማጠንከር ሐዲዱን እንደሚፈልጉት ወዳጅም ጠላትም ያውቅ ነበር። ጽድቁና ጥቅሙ በአንድ ሐዲድ ላይ ነበር የሚሄዱት።

የኛው ባቡር ግን ከመጀመሪያውም የጽድቅ ስም አልነበረውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የሚቆይ የሥራ ውል ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ገንዘቡ ትርፍ ከሚጠብቁ ባለአክሲዮኖች ኪስ የወጣ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ካሁኗ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ሐረር ቀርታ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በዚያው ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ ደግፎ ሥልጣኑን እንደያዘ ምኒልክ ሲያውቁ ተቆጡ፤ የሐዲዱም ጉዞ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ንጉሡ የፈቀዱት ለነጋዴ ነበር፤ በነጋዴው ካባ ውስጥ ግን መንግሥት ተደብቆ ተገኘ። ኩባንያው ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ባላማከረ ውላቸው ማን የት ሐዲድ እንደሚዘረጋ ተከፋፈሉ። ከዚያ በኋላ በአዲስ ኩባንያ ሥራው ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ሳያዩት አርፈዋል። እንግዲህ ሐሳብን ብቻ የሚመዝን ዳኛ ቢቀመጥ፣ ለሒጃዙ ይፈርዳል፤ የጅቡቲውን ይኰንናል።

ነገር ግን ይህ ዳኛ ያልጠየቀው ባለጉዳይ አለ። ሁለቱም በረሃዎች ባዶ አልነበሩም። በሒጃዝ በዱዎች ከጥንት ጀምሮ ለሐጃጆች ግመል ያከራዩ፣ መንገድ ያሳልፉ፣ በዚያም ይኖሩ ነበር። ባቡሩ እንጀራቸውን የሚነጥቅ መስሎ ስለታያቸው ሐዲዱን ተዋጉት። በዚህ ማዶም የኢሳ ጎሣ ግጦሹንና የቅፍለት መንገዱን አቋርጦ ለመጣው ብረት ሠራተኞችን በመውጋት መልስ ሰጠ፤ ኩባንያውም ኋላ ለጎሣ አለቆች እየከፈለ ጥበቃ ለመግዛት ተገደደ። ሱልጣኑ ስለ ነፍስ አሰቡ፤ ባለአክሲዮኑ ስለ ወለድ አሰበ፤ ለግመል ጠባቂው ግን የሁለቱ ልዩነት አልታየውም። ሐሳብ በሩቅ በተቀመጠ ሰው ልብ ውስጥ የሚኖር ነገር ነውና፣ ሥራው በሚያልፍበት ምድር ላይ ያለ ሰው የሚያየው ብረቱን ብቻ ነው።

የሒጃዙ ሐዲድ ሐጃጆችን ወደ መዲና ያደረሰው ለጥቂት ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1916 ሸሪፍ ሑሴን በቱርክ ላይ ሲነሡ፣ የእንግሊዙ መኮንን ሎውረንስና የዐረብ ተዋጊዎች ድልድዩንና ሐዲዱን በባሩድ ያፈርሱ ጀመር። ለሙስሊሞች በሙስሊሞች ገንዘብ የተሠራውን መንገድ በብዛት ያፈረሱት ሙስሊሞች መሆናቸው የሐሳብን ዳኛ ሊያሳፍር ይገባል። በነገራችን ላይ፣ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ በመስከረም 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ልጅ ኢያሱ ከቱርኮችና ከእስልምና ጋር ወግነዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ፤ የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች ያን ጊዜ በአንድ ጦርነት ይናወጡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ድል አድራጊዎቹ ግዛቱን ሲከፋፈሉ ወቅፍ የተባለው ሐዲድም አብሮ ተቆራረጠ። ወደ መዲና የሚወስደው ክፍል ለአሸዋ ተተወ።

የጅቡቲው ግን ኖረ። የወረቀት ባለቤቱ በሦስት ስሞች ተጠርቷል፦ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ፣ ቀጥሎ የፍራንኮ ኢትዮጵያ፣ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮ ጅቡቲ ተባለ። ከወረቀቱ ውጭ የነበረው ባለቤት ግን ሌላ ነው። ቡናና ቆዳ ወረደበት፤ ጨውና ጨርቅ ወጣበት። ጫት በዕለቱ ትኩሱን ጅቡቲ ደረሰበት። ኮንትሮባንድ በቀሚስ ሥር ጠቅልለው ከፈታሽ ጋር የሚተናነቁ ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ይኸው ባቡር ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ድሬዳዋ ላይ በአንድ የፉጨት ድምፅ ሰዓቱን አስተካከለ። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ በኩል የመጣ፣ መሠረቱም እንፋሎት ማለት የሆነ የአውሮፓ ቃል ነው፤ የገጠሩ ሰው ግን የእህል ወፍጮውንም ባቡር ብሎ ጠርቶ ለእንጀራው ሥራ አውሎታል። ይህን ሁሉ ኢልግም ሸፍኔም አላሰቡትም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስደት የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በጣቢያው ፊት ቆሞ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሮማ ተወስዶ እንደ ምርኮኛ ቆመ፤ ዘርዓይ ደረስ በቍጣ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳውን የቀረጸው ፈረንሳዊ ነው። የአገር ምልክት ያደረገው ግን የቀራጺው ዜግነት አይደለም፤ ስለ እርሱ የፈሰሰው ደም ነው እንጂ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ጥቅም ላይ የዋለ ነገር ሁሉ ይነጻል» ከተባለ፣ ቅኝ ገዥው «መንገድ ሠርቼላችሁ የለምን?» ለሚለው ነገሩ ምስክር ይሆነዋል። ግን አይሆነውም። የሐዲዱ በጎነት የሠሪው ቢሆን ኖሮ ገና ሲዘረጋ በጎ በሆነ ነበር፤ በጎ ያደረጉት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ምስጋናውም የእነርሱ ነው። ደግሞም መገልገል በራሱ ቅድስና አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ በድልድዩ መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ይጓዝ የነበረው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ አሮጌው ባቡር ናፍቆት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ቀን ይዘሉታል። የባለቤትነት ስሜት ደስ ያለውን ብቻ መርጦ የሚወስድ ከሆነ ከባለአክሲዮኑ በምን ይሻላል? የኔ ያለ ሰው ሙታኑንም የኔ ማለት አለበት።

ጥያቄው ከታሪክ ወጥቶ ወደ ዛሬ የሚገባውም በዚህ በር ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቻይና ብድር የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ዳር ለቡ ሆነ። ለገሃር ዙሪያውን በኤሚሬትስ ኩባንያ የሚሠራ የግንባታ ዕቅድ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ የካዛንቺስ አብዛኛው ሠፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛወሩ።

ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁ፣ የተጨናነቁ፣ ውኃና መጸዳጃ በወጉ የሌላቸው እንደነበሩ የኖረባቸው ሁሉ ያውቃል። ከተማ እንደ ገላ ነው፤ ካልታደሰ ይሸታል። ስለዚህ ክርክሩ መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ላይ ብቻ ሊሆን አይገባም። በምን ሚዛን ተመዘነ ነው ጉዳዩ። የካዛንቺስ ዋጋ ከሠሪው ሐሳብ የሚመጣ ቢሆን፣ ሠፈሩ ወራሪ ለሹሞቹ የሠራው ቅሪት ነው፤ ቢፈርስ የሚያለቅስለት አይኖርም። ዋጋው ከተገለገሉበት የሚመጣ ከሆነ ግን በዚያ ሰማንያ ዓመት የተወለደ፣ የተዳረ፣ ዕድር የገባ፣ በአንድ ጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያረጀ ሰው ሁሉ እንደ መሐንዲስ ሊቆጠር፣ ገና ልኬቱ ሳይጀመር ሊጠየቅ ይገባዋል። ዕድር በካርታ ላይ አይታይም፤ ግን ሬሳ የሚያነሣው እርሱ ነው። ኢሳውና በዱዊው ያልተጠየቁት በረሃው ከሩቅ ሲታይ ባዶ መስሎ ነበር። ያረጀ ሠፈርም ከሩቅ ሲታይ ባዶ ይመስላል።

ወቅፍ የተባለውን ሐዲድ ሲያፈርሱ የሕጉን ቃል ያነበበ ኃያል አልነበረም። የካዛንቺስ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ወረቀት አልነበረውም፤ ብዙው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። የነበረው ስሙ ነው፤ ከባዕድ አፍ ወስዶ ለራሱ ያበጀው ስም። እርሱን ማንም አልወሰደበትም። ባቡር በማይመጣበት ጣቢያ ፊት የታክሲው ረዳት ማለዳ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም ይገባል።