ጥቆማና አደራ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል ያገራችን ሰው። ያው ሰው ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። በማስተማር ሥራ የቆየን ሰዎች በእነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ተቀርቅረን ኖረናል። ተማሪያችን አደጋ ላይ መውደቁን ስናይ ለሌላ ሰው መናገር ግዴታችን ነውን? ወይስ ነገር ማቀበል?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የተማሪን ስም ለቀበሌ መስጠት ተማሪውን ለእስርና ለሞት መስጠት ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገድለዋል። እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንም፤ ያስተማሩን ሰዎች ግን ከዚያ የተረፉ ነበሩና ፊደል ሲያስቆጥሩን ዝምታንም አብረው አስቆጠሩን። በኋላ እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስናስተምር «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት መጣ። ለጥናት መረዳጃ ነው ቢባልም፣ ብዙው ተማሪ የወሬ መልቀሚያ አድርጎ ያየው ነበር። ስለዚህ መምህሩ ጆሮ ጠቢ እንዳይባል አፉን ያዘ።

ይህ ዝምታ ግን ዋጋ አስከፍሏል። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከገጠር የመጣች ተማሪ ነበረችን። መጀመሪያ የፊቱን ወንበር ትታ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። ቀጥሎ የቤት ሥራዋ ቀረ። ከዚያም ከአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ብቻ መቅረት አበዛች። ምልክቱን ሁላችንም አይተናል፤ ቡና እየጠጣንም አውርተንበታል። ጠጋ ብሎ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ያላት ግን አልነበረም፤ ለኮሌጁ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ያመለከተም አልነበረም። የባልደረባችንን ስም ስንጠብቅ ልጅቱን ጣልናት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አልተመለሰችም። እንግዲህ ዝም አላልንም ነበር፤ ስለ እርሷ ተናግረናል፤ ለእርሷ ግን አልተናገርንም።

በስደት ሆነን ስናስበው፣ ጥቆማን ከአደራ የሚለየው ይኸው ነው። ጠቋሚ ከተማሪው ተደብቆ፣ ሊጎዳው ወደሚችል ሰው ይሄዳል፤ ተናግሮም ይሰወራል። አደራ ያለበት ሰው አስቀድሞ ወደ ተማሪው ይሄዳል። ያየውን እንጂ የጠረጠረውን እንደ እውነት አያወራም። ሊረዳ ለሚችል ሰው ብቻ ይናገራል፤ ለማን እንደሚናገርም ለተማሪው ይገልጽለታል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይገባም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ያን ቃል ሊጠብቅ አይገባውምና። ከተናገረ በኋላም አብሮት ይቆማል።

«ሰሚው ራሱ ክፉ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ ሌላ ሰሚ እንድንፈልግ ያስገድደናል እንጂ ዝም እንድንል አይፈቅድልንም።

ውድ አንባብያን፣ ከማታ ትምህርታችን ከቀረ ሁለት ሳምንት ያለፈው አንድ ወጣት አለ። ብርድ ልብሱን ሸጧል ይባላል፤ ይህ በካምፕ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በውኃው ሰልፍ ላይ ስለ እርሱ ብዙ ተወርቷል። እኛ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመን ወደ መጠለያው እንሄዳለን።