ብልጭታው የጠፋበት ሞተር፦ ስለ ጥርጣሬና ስለ ፍርድ

ምክንያትን ሳያውቁ ውጤትን ማቃናት ይቻላልን? ይቻላል ቢባልስ፣ ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ገጾች ላይ ብቻ የሚነሣ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ኮፈኑ ተከፍቶ በቆመ መኪና ፊትም ይነሣል።

ከሐይቁ የወጣ ጭጋግ ባረፈበት ማለዳ፣ አንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና በሐይቅ ከተማ አልነሣ አለ እንበል። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ቤንዚን አለ፤ ሞተሩም ይዞራል፤ ነገር ግን አይቀጣጠልም። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ሞተሩን ቢያስዞር ብልጭታ የለም። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ሻማው ካልበራ ቤንዚንና አየር ቢገናኙም ኃይል አይወልዱም።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንደኛው የግምት መንገድ ነው። መካኒኩ ቦቢናውን ይጠረጥርና ይለውጣል፤ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩንም አብሮ ይለውጣል። በዚህ መካከል ፀሐይ ትወጣለች፤ ጭጋጉ ይገፈፋል፤ ሞተሩም ይነሣል። ባለመኪናው ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል።

ሁለተኛው የምርመራ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት ከቦቢናው መድረሱ በመፈተሻ አምፑል ይረጋገጣል። ካልደረሰ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በቁልፉ ወይም በሽቦው ላይ ነው። ከደረሰ ደግሞ፣ ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት ቦቢናው ያንን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ማሳደጉ ከመካከለኛው ገመድ በሚወጣው ብልጭታ ይታወቃል። እዚያ ጠንካራ ብልጭታ ከታየ፣ ቦቢናው፣ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ከጥርጣሬ ነፃ ይወጣሉ። የሚቀረው ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነው። ክዳኑ ሲከፈት የማለዳው እርጥበት በውስጡ ተቋጥሮ ይገኛል። መድኀኒቱ አንድ ደረቅ ጨርቅ ነበር።

የመጀመሪያው መካኒክ መኪናውን አስነሥቷልና ምን በደለ ይባል ይሆናል። በአንድ ጠብታ ውሃ ጥፋት በሦስት ጤነኛ ዕቃዎች ላይ ፈርዷል፤ ባለመኪናውንም የአለማወቁን ዋጋ አስከፍሎታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ የሞተሩ መነሣት ለግምቱ የሐሰት ምስክር መሆኑ ነው፤ ተሳክቶልኛል ብሎ የሚያምን ሰው ከስሕተቱ ሊማር አይችልምና። ጭጋጉ ሲመለስ መኪናውም መቆሙ አይቀርም።

በአንጻሩ፣ ሕይወት ሁልጊዜ የምርመራ ጊዜ አትሰጥም የሚል ክርክር ይነሣል። መኪናው ሕመምተኛ የጫነ ቢሆንስ? ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ዕቃ መለወጥም በራሱ ነውር አይደለም። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ለውጦ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ካልተሻለ የቀድሞውን ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው እየመረመረ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በቸኮለና በተረጋጋ መካከል ሳይሆን፣ ጥርጣሬውን እንደ ጥያቄ በሚይዝና እንደ ፍርድ በሚይዝ ሰው መካከል ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ፣ በአምባሰል የምትገኘው ውጫሌም ለዚህ ምስክር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል ታላቅ ጠብ ያስነሣው በ17ኛው አንቀጽ ባለ አንድ ግሥ ነበር፤ አማርኛው የኢጣሊያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላል ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ሕጸጹ የተገለጠው ሁለቱ ጽሑፎች ቃል በቃል ሲተያዩ እንጂ፣ ውሉን በጅምላ ደግ ወይም ክፉ በማለት አልነበረም።

ይህ ሥርዓት ከብረት ይልቅ ለሰው ያስፈልጋል። ትምህርት ያልገባውን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት፣ ዓይኑ ሰሌዳውን ማየቱን፣ ቁርስ በልቶ መምጣቱን መጠየቅ ይገባል። ሥራ ሲበደል ኃላፊው አስቀድሞ የሚያየው ሥራው የተቋረጠበትን ቦታ እንጂ የሚጠላውን ሠራተኛ መሆን የለበትም። በስሕተት የተጣለ ቦቢና ከጥራጊው ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል፤ በስሕተት ለተፈረደበት ሰው ግን ያለፈው ዘመኑ አይመለስለትም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ሥሩ እስኪገኝ ድረስም፣ «ገና አላወቅሁትም» ብሎ መናገር ለመካኒኩም፣ ለመምህሩም፣ ለኃላፊውም የሙያ ግዴታ ነው።