«ሆዴን ያመኛል»



ባለፈው ጁሙዐ ከሶላት በኋላ እዚህ ጉኑኖ አንድ አባት ጠጋ አለኝ (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው)። የሁለተኛ ክፍል ልጁን ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ቅዳሜ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ከግል ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ መንግሥት ሊያዛውረው አስቧል። «ግን ዓመቱ ሳያልቅ ሳወጣው ሰው መክፈል አቃተው ይለኛል» አለ።

«ልጁን ጠይቀኸዋል?» አልኩት። ዝም አለ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ ሱለይም ቤት ሲገቡ የአነስን ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን አዝኖ አዩት። ምን እንደሆነ ጠየቁ። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ነበር። ኡማ የሚመሩ ነቢይ ለወፍ ያዘነን ሕፃን አላለፉትም፤ ቀርበው አጫወቱት። እኛ ግን ልጅ ሲያዝን የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስማው። የሚመታው ልጅ ካለ ከመምህሩ ጋር ተነጋገር፤ ምናልባት መዛወርም አያስፈልገው ይሆናል። ካስፈለገ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውጤቱንና መሸኛውን ይዘህ አዛውረው። በታችኞቹ ክፍሎች መንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩት በወላይትኛ ነውና ማንበቡን ከአሁኑ አለማምደው። «ሰንፈህ ነው ያወጣሁህ» ግን እንዳትለው። ስለ ሰው ወሬ ከሆነ፣ ይህ ልጅ የጎረቤት ሳይሆን ያንተ አማና ነው።

ትናንት ደወለልኝ። ልጁ አጠገቡ የሚቀመጥ እንደሌለ ነግሮታል። ሰኞ አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ዱዓ አድርጉላቸው።