የለመድነውና የወደድነው

ሰው የሚኖርበትን ከተማ ይወዳል ሲባል ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

አንድ ጊዜ ሐረር ሄጄ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጁገልን ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር በእግሬ ዞርኩት። ግንቡን ዳሰስኩ፤ «ይህ ቤት የማን ነበር?» እያልኩ ሽማግሌዎቹን አደከምኩ። በገዛ ከተማዬ በአዲስ አበባ ግን፣ የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ያን ያህል ዓመት ሳቋርጥ አንድ አሮጌ ቤት ፊት ቆሜ እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም። የት ይሄድብኛል ብዬ! በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። ቦታው ላይ ቆሜ የትኛው ቤት የት እንደነበር መለየት ሲያቅተኝ አፈርኩ። እወደዋለሁ ስል የኖርኩትን ሰፈር ለካ አላውቀውም ኖሯል።

ሌላ አገር ማየት ያበዛ የራሱን ይንቃል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥፋቴ ሐረር መሄዴ አይመስለኝም፤ እዚያ የገለጥኩትን ዓይን ቤቴ ስመለስ መጨፈኔ ነው። የለመድነውን ሁሉ የወደድነው ይመስለናል። የሚወድ ሰው ግን ያያል፤ ይጠይቃል።

አሁን እሑድ እሑድ በሰፈሬ እንደ እንግዳ እዞራለሁ። «እማማ፣ ይህ ቤት የማን ነበር?» እያልኩ ጎረቤቶቼን አደክማለሁ። ስለ ዶሮ ማነቂያ የምጠይቃቸው ሰዎች ግን ዛሬ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም።